የዳልች ሁዳዴ

የቅበላ እሑድ ነው፤ ጤምጫ ማዶ መሽቷል፤
የደምበጫ ሰው ሁሉ ሥጋ ጠግቦ ተኝቷል።
እኔ ከበረት ነኝ፣ ፋኖስ አንጠልጥዬ፣
ዳልችን ላሰናብት፣ "ነይ እንጹም" ብዬ።
ሁለት ወር ቀርቷታል፣ ጥጃዋን ልትወልድ፤
ዘንድሮ አልደግመውም፣ የአምናውን ልማድ።

ምን ነበር የአምናው? ቁጭ በሉ ልንገራችሁ፤
አትሳቁ ብቻ፣ ላም አለች ቤታችሁ።
በጾሙ መካከል ወተት ማን ይጠጣል?
ግን ቅቤ ይጠራቀም፣ ፋሲካ ይመጣል!
እያልሁ ማታ ማታ፣ በትንሿ ቅል፣
ሳልብ ከረምሁኝ፣ ሌባ ይመስል።
አንድ ቀን አልቤ፣ ሁለት ቀን ረስቼ፣
እጄን ከአዛባ ላይ፣ ሳልታጠብ አንስቼ፤
ቀዳዳው ተከፍቶ፣ ደጁ እንደተረሳ፣
ገባበት አንድ ነገር፣ ድምፅ ሳያነሳ።
ምንም አላየሁም፣ ዳልችም አልነገረች፤
ላም መቼ ታወራ? አመሰኳች፣ ኖረች።

በፋሲካ ማግስት፣ ጥጃው ሲወለድ፣
የኋላው ግራ ጡት፣ እንደ እሳት ሲነድ፣
ስጨምቀው ወረደ፣ እንገሩ ቀርቶ፣
አጓት የመሰለ፣ ከእዥ ጋር ተጋብቶ።
ቅቤውማ አልጠፋ፣ አንዲት ማሰሮ ሙሉ፤
አንድ ጡት ባንድ ማሰሮ፣ ተለዋውጠው ዋሉ።
ጣዕሙን አትጠይቁኝ፤ አላስታውሰውም።
ያ ጡት ታወረ፤ ዛሬም አይሰጥም።

ዘንድሮ አንለይ ሐኪሙ፣ ከጤና ኬላ መጣ፣
ሞተሩን አቁሞ፣ ጓንቱን አወጣ።
"መጀመሪያ" አለኝ፣ "በጥቁር ሳህን ላይ፣
ጠብ ጠብ አርገውና፣ ፍርፋሪ እንድናይ።"
ከሳህኑ ጽልመት፣ ወተት ብቻ ጠራ፤
እሱ ፈገግ አለ፣ እኔ አሁንም ስፈራ።
"በል እንግዲህ እለብ፣ የመጨረሻ ነው፤
ጠብታ እንዳይቀር፣ አሟጠህ ጭመቀው።"
ከዚያ በአልኮል ጥጥ፣ የጡቷን ጫፍ ጫፍ፣
ጠረገ፣ ደገመ፣ እድፍ እስከሚረግፍ፤
በቀጭን ቱቦ፣ ባንድ ጡት አንድ፣ አንድ፣
መድኃኒት ሰደደ፣ ቀስ እያለ ሲወርድ።

ሦስት ጡት፣ ሦስት ቱቦ። አራተኛው ጋ ደርሶ፣
እጁ ቆም አለና፣ ወደኔ ተመልሶ፣
"ይኼስ?" ብሎ ጠየቀ። መሬት መሬት አየሁ።
"አምና ነው" አልሁት። "ቅቤ አማለለኝ፤ ገደልሁ።"

አልተቆጣም። ጓንቱን ብቻ ገለበጠ፦
"እንግዲህ አትንካት። ግቷም ካበጠ፣
ሁለት ሦስት ቀን ነው፣ ይጨንቃታል፣ ይወጥራል፤
ዝም በለው፣ ይመለሳል፣ ወደ ደም ይሠርጋል።
ከጋለ፣ ከቀላ፣ መብል ካስጠላት፣
ያን ጊዜ ጥራኝ፣ ቢሆን እኩለ ሌሊት።
ፋጉሎውን ቀንስ፣ ድርቆሽ ይበቃታል፤
እርጥብ ላይ አትተኛ፣ ጠላቷ ያገኛታል።
ከወለደች ወዲያ፣ ቀኑን ሳልነግርህ፣
ወተቷን ለሰው ልጅ፣ አትስጥ፣ አደራህ።"

እኛ ሃምሳ አምስት ቀን፣ እሷ ግን ስድሳ፣
በአምስት ቀን በለጠችን፣ ይቺ እንስሳ።
እኛ የምንጾመው፣ መብላት መጠጣትን፤
እሷ የምትጾመው፣ ያን መስጠት መስጠትን።
የከበደው ለኔ ነው፣ ለዚህ ለቀኝ እጄ፤
ሲነጋ ይነሣል፣ ልማድ ነው ወዳጄ፤
ቅሉን ይፈልጋል፣ ወደ በረት ይሄዳል፣
ግቷ ተወጥሮ ሲያይ፣ ይራራል፣ ይከዳል።
በሦስተኛው ቀን፣ ዞራ ስታየኝ፣
"እለበኝ" ያለችኝ፣ ያለች መሰለኝ።
እጄን በኪሴ ውስጥ፣ ከትቼ ቆምሁኝ።

ይልቅ አካፋ ያዝሁ። አዛባውን ዛቅሁ፣
አመድ ነሰነስሁ፣ ደረቅ ጭድ ጎዘጎዝሁ።
አንችንአሉ ሚስቴ፣ ካጥሩ ሥር ቆማ፣
"ባሌ መነኮሰ፣ ሰው ሁሉ ይስማ!"
በሳምንቱ ላላ፤ ግቷ ተሸበሸበ፣
እንደ ባዶ አቁማዳ፣ ወደ ሆዷ ተሰበሰበ።

አዳም ሐሙስ ሌሊት፣ ዳልች ወለደች፤
ጥጃዋ ቆመች፣ ወደቀች፣ ደግማ ቆመች።
ከጥቁሩ ሳህን ላይ፣ እንገር ጠብ አደረግሁ፤
ቢጫ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጓል የለው፣ አየሁ።

ጥጃዋ ግን ሄዳ፣ ሦስቱን ሁሉ ትታ፣
የታወረውን ጡት፣ ጎሰመች በርትታ።
ጠባችው፣ ጠባችው፤ ደግማ ጎሰመች፤
ምን ታድርግ፣ የአምናውን፣ እሷ መች አወቀች።
በዚያ ባስቸገረኝ፣ በቀኝ እጄ ይዤ፣
አፏን መለስሁት፣ ተንበርክኬ፣ ተክዤ።